ስለ ግምት ቁጥርና ስለ ከሚሴ የኢንተርኔት ፍሰት

ቁጥር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሥርዐት የሚወጣ፥ ሁለተኛው ግን በማየትና በመገመት የሚገኝ ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው የአንዱን ዓመት መጥቅዕና አበቅቴ ቢደምር 30 ያገኛል፤ ከ28 እስከ 32 ይሆናል የሚል መምህር ከቶ የለም፤ ሥርዐቱ የታወቀ ስለ ሆነ መልሱም አንድ ነው። ነገር ግን በባቲ የሰኞ ገበያ ውሎ የተመለሰ ነጋዴ ስንት ግመል ወጥቶ እንደ ነበረ ቢጠየቅ፥ ከዚህ እስከዚህ ይደርሳል ብሎ ይመልሳል እንጂ አንድ ቁጥር ቈርጦ አይናገርም። መምህሩም ነጋዴውም እውነተኞች ናቸው። ስሕተት የሚመጣው የነጋዴውን ቁጥር እንደ መምህሩ ቁጥር አድርጎ ያነበበ ሰው ሲነሣ ነው።

በዚህ ዘመን ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚቀርቡት ቁጥሮች ብዙዎቹ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ይልቁንም የኢንተርኔት ፍሰት፥ ይኸውም በሽቦና በአየር ሞገድ የሚመላለሰው የመልእክት ብዛት፥ እንደ እህል በቁና ተሰፍሮ ለዓይን የሚታይ ስላልሆነ፥ መጠኑ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ በግምት ነው፤ ግምቱም የታችና የላይ ወሰን አለው። በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው ርቀት ምን ማለት እንደ ሆነ ያላስተዋለ ሹም የተጻፈለትን ቁጥር ብቻ ይዞ ሊወስን ይችላል፤ ውሳኔውም የሚያርፈው በወረቀቱ ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፥ ይህንን ጉዳይ ከሥሩ ለመመርመር ከሚሴና በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያወጣው አውራ ጎዳና ላይ፥ በቦርከና ወንዝ አገር፥ ከጨፋ ሜዳ አጠገብ የምትገኝ የዞኑ ዋና ከተማ ናት። ዞኑ ደዋ ጨፋን፥ አርጡማ ፉርሲን፥ ጅሌ ጥሙጋን፥ ደዌ ሐረዋንና ባቲን ይዞ፥ ከወሎ ደጋ ግርጌ እስከ አፋር ቆላ ድንበር ይደርሳል። በግንቦት 1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቈጠራ በዞኑ 457,278 ሰው ተቈጥሯል፤ ከዚህም ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 11 ያህል ነበረ። ከዚያ ወዲህ ሊደረግ የታሰበው ቈጠራ በየጊዜው ስለ ተላለፈ፥ በኋላ የሚነገረው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ ከዚያ በመነሣት የተሰላ ትንበያ ነው። ስለዚህ የመረቡ ፍሰት ለአንድ ሰው ስንት ይደርሳል ተብሎ ሲካፈል፥ ተካፋዩ ብቻ ሳይሆን አካፋዩም ግምት መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የዚህ አገር ሰው ከመረቡ የሚፈልገው ነገር ጥቂት አይደለም። ማሽላውንና ከብቱን ወደ ገበያ የሚያወጣው ነጋዴ የደሴንና የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ ይጠይቃል፤ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው በቴሌብርም ሆነ በባንኮች የስልክ አገልግሎት ገንዘብ ይልካል፥ ይቀበላል። ወደ ዐረብ አገር ልጁን የላከ ቤተሰብ ድምፅዋን የሚሰማው በዚሁ ነው። የጤና ጣቢያ ባለሙያ ሪፖርቱን፥ መምህር የተማሪዎቹን ምዝገባ በዚሁ ያስተላልፋል። መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ እነዚህ ሁሉ ሥራዎች ይቆማሉ፤ ቀኑም ለነጋዴው የኪሳራ፥ ለቤተሰቡ የጭንቀት ቀን ይሆናል።

ኢትዮጵያም ባለፉት ዓመታት የመስመር መቋረጥን ደጋግማ አይታለች። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ከፍተኛ ባለሥልጣኖች በተገደሉ ጊዜ፥ ዳግመኛም ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በአገሪቱ በሙሉ ተዘግቶ ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ተቋረጠ። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በደሴ ጎዳና ወርዶ ከሚሴን ራሷን አዳረሰ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻም በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ በውጭ አገር ያሉ የመረብ ታዛቢዎች ፍሰቱ በመቶ ይህን ያህል ወረደ እያሉ ሥዕላዊ መስመር አውጥተዋል፤ በአገር ውስጥም አንዳንዱ ቁጥሩን ተቀብሎ አራገበው፥ አንዳንዱም ሐሰት ነው ብሎ ጣለው። ሁለቱም ወገኖች ቁጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ የመረመሩት አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

እንግዲህ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ታዛቢዎቹ በሦስት ዓይነት መንገድ ይመለከታሉ። የመጀመሪያው መንገድ፥ ኩባንያዎች ለዓለም መረብ የሚያውጁትን የአድራሻ ዝርዝር መከታተል ነው፤ አንድ የአድራሻ መንደር፥ ማለት 256 አድራሻዎችን የያዘ ክፍል፥ ከዝርዝሩ ሲጠፋ መንገዱ ተዘጋ ይባላል። ሁለተኛው፥ ወደ አድራሻዎቹ በየ10 ደቂቃው ትንሽ የጥያቄ መልእክት እየላኩ መልስ የሚሰጡትን መቍጠር ነው። በአሜሪካ በጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ያለው አዮዳ የተባለው ክትትል በእነዚህ ሁለት መንገዶች ይሠራል። ሦስተኛው፥ ከአገሩ ወጥቶ ወደ አንድ ትልቅ ኩባንያ ቤት የሚመጣውን እንግዳ መቍጠር ነው፤ ክላውድፍሌር የተባለው ኩባንያ ራዳር ብሎ በሰየመው ሰሌዳ ላይ የሚያወጣው መስመር ከዚህ ወገን ነው። ይህን በምሳሌ ቢያስረዱት፥ አንደኛው በጎዳናው ላይ ያለውን ድልድይ፥ ሁለተኛው በየቤቱ በር ተንኳኵቶ የሚመልሰውን፥ ሦስተኛው ከከተማው ወጥቶ ወደ አንድ ገበያ የደረሰውን ሰው ይቈጥራል። ድልድዩ ቆሞ ሳለ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ ሊከለከል ይችላል፤ ስለዚህ ሦስቱ ቁጥሮች ባይስማሙ አንዱ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ የተቈጠረው ነገር የተለያየ ነው።

በአገር ውስጥ ኩባንያውም ራሱ ቢሆን ሁሉን አይቈጥርም። መልእክት በመረብ ላይ የሚሄደው በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ነው፤ ጥቅሉን ከመንገድ ወደ መንገድ የሚያሻግረው ራውተር የሚባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ጥቅል ልመዝግብ ቢል ዋናው ሥራው ይጓደላል። ስለዚህ ከሺህ ጥቅል አንዱን ናሙና አድርጎ ይይዛል፤ በኋላም የተያዘውን በሺህ አባዝቶ ጠቅላላውን ይገምታል። ይህ መናቅ የሚገባው ሥራ አይደለም፤ የእህል ነጋዴም ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኖ አይቶ ይገዛል። ነገር ግን እፍኝ ብዙ ጊዜ ሲዘገን ይታመናል፥ አንድ ጊዜ ብቻ ሲዘገን ግን ያታልላል።

ምን ያህል እንደሚታመን የሚለካበት የታወቀ ስሌት አለ። የተያዘው ናሙና 10,000 ጥቅል ከሆነ፥ ግምቱ ከመቶ 95 ጊዜ ከእውነተኛው ከ2 በመቶ የበለጠ አይርቅም። ናሙናው 100 ጥቅል ብቻ ከሆነ ግን ርቀቱ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። በሌላ አነጋገር፥ ከሺህ አንድ በሚይዝ መሣሪያ ላይ 100 ጥቅል የታየበት ሰዓት 100,000 ጥቅል አልፏል ተብሎ ቢጻፍ፥ ትክክለኛው አጻጻፍ ከ80,000 እስከ 120,000 ያህል የሚለው ነው። በሚቀጥለው ሰዓት 90 ጥቅል ቢታይ ፍሰቱ በ10 በመቶ ቀነሰ ብሎ ሪፖርት ማድረግ ድፍረት ነው፤ የሁለቱ ሰዓቶች ወሰኖች እርስ በርሳቸው ይደራረባሉና። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለከሚሴ ከባድ ነው፤ ብዙ ሕዝብና ብዙ ፍሰት ያለበት ከተማ በጠባብ ወሰን ይለካል፥ ትንሽ ፍሰት ያለበት ወረዳ ግን በሰፊ ወሰን ይለካል። ይበልጥ መታየት የሚገባው ደካማው ሆኖ ሳለ በይበልጥ ተደብዝዞ የሚታየው እርሱ ነው ማለት ነው።

ደግሞም ይህ ወሰን የሚናገረው ስለ ዕድል ስሕተት ብቻ ነው፤ ስለ መሣሪያው ጠማማነት አንዳች አይናገርም። ታቹ የጎደጎደ ቁና የያዘ ሰው አንድ ሺህ ጊዜ ቢሰፍር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልክ ያገኛል፤ ልኩም ሁልጊዜ የተሳሳተ ነው። የወሰኑ ጠባብነት የቁናውን ቅንነት አያስረዳም። የመረብ መለኪያም እንዲሁ ነው፤ ማንን ሳያይ ይቀራል ብሎ መጠየቅ፥ ወሰኑ ምን ያህል ነው ብሎ ከመጠየቅ ይቀድማል።

ከሚሴን በሚመለከት የዚህ ጠማማነት ዋናው ሥር የአድራሻ ነገር ነው። የውጭ ታዛቢ አንድ አድራሻ ከየትኛው ከተማ እንደ ሆነ የሚያውቀው ከተሰናዳ መዝገብ ነው፤ መዝገቡም ራሱ በግምት የተሠራ ነው። በእጅ ስልክ አገልግሎት ዘንድ እንደ ተለመደው፥ እጅግ ብዙ ስልኮች በአንድ የውጭ አድራሻ ተጠቅልለው ይወጣሉ፤ መውጫውም በትልቅ ከተማ ባለው ማዕከል በኩል ይሆናል። በከሚሴ ገበያ የቆመ ነጋዴ መልእክቱን ሲልክ፥ ለሩቁ ታዛቢ ከአዲስ አበባ የተላከ ሆኖ ሊታየው ይችላል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የታዛቢዎቹ ሰሌዳ ከክልል በታች አይወርድም፤ የክልሉም ቁጥር ቢሆን በጥቂት አድራሻዎች ላይ የቆመ ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚሰውር በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ የአገሪቱ ሕዝብ 73,750,932፥ የአማራ ክልል ሕዝብ 17,221,976 ነበረ። የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከአገሪቱ ሕዝብ ከሺህ 6 ያህል፥ ከክልሉም ከመቶ 2.7 ያህል መሆኑ ነው። ፍሰቱ በሕዝብ ልክ የተከፋፈለ ነው ተብሎ ቢታሰብና የአገሪቱ ፍሰት 1,000 ተብሎ ቢሰየም፥ ዞኑ በሙሉ አንድ ቀን ዝም ቢል 1,000 የነበረው 994 ይሆናል። የመለኪያው ወሰን ግን በጥሩ አሠራር እንኳ ከ980 እስከ 1,020 ቢሆን፥ 994 በመካከሉ በሰላም ተቀምጦ ይገኛል። ከአራት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ መስመር ተቋርጦበት ሳለ፥ በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ለውጥ አልታየም የሚል ነው። እውነተኛው ሁኔታ ከዚህም የባሰ ነው፤ በቈጠራው ከአገሪቱ ሕዝብ ከመቶ 3.7 ብቻ የነበረው የአዲስ አበባ ሕዝብ ከፍሰቱ የሚይዘው ድርሻ ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ አብዛኛው ነዋሪ በገጠር ያለበት የዞኑ ድርሻ ግን ከሺህ 6 በታች ይወርዳል።

ስለዚህ ለውጥ አልታየም ማለትና ለውጥ የለም ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ቃሎች ናቸው። የመጀመሪያው ስለ መለኪያው፥ ሁለተኛው ስለ ሕዝቡ ይናገራል። አንድ መሥሪያ ቤት የአገር ፍሰት ሰሌዳ አይቶ በከሚሴ ችግር የለም ብሎ ቢጽፍ፥ ከተራራ ላይ ሆኖ ከተማውን ባጠቃላይ አይቶ ከጎጆዎቹ አንዲቱ አልተቃጠለችም እንዳለ ሰው ይሆናል።

ሌላው ሰፊ ልዩነት የሚመጣው ከቃል ትርጓሜ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2015 ዓ.ም. የበጀት ዓመት መጨረሻ ጠቅላላ ደንበኞቹ 72 ሚሊዮን፥ ከእነርሱም የዳታና የኢንተርኔት ደንበኞቹ 33.9 ሚሊዮን መሆናቸውን አስታውቆ ነበር። ዳታሪፖርታል የተባለው የውጭ አጠናቃሪ ደግሞ በኢትዮጵያ የኢንተርኔት ተጠቃሚዎችን በፈረንጆች 2023 መጀመሪያ 20.86 ሚሊዮን፥ በ2024 መጀመሪያ 24.83 ሚሊዮን ብሎ ገምቷል። በሁለቱ መካከል ከ9 ሚሊዮን የማያንስ ልዩነት ስላለ አንዱ ወገን ዋሽቷል ብሎ የሚፈርድ አይጠፋም። ነገር ግን አንዱ የቈጠረው ሲም ካርድን፥ ሁለተኛው የገመተው ሰውን ነው። አንድ ነጋዴ ሁለት ሲም ካርድ ይይዛል፤ በሌላም ወገን በአንድ ስልክ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ይገለገላል። ሁለቱን ቁጥሮች እንደ አንድ ግምት ታችና ላይ ወሰን አድርጎ ከ21 እስከ 34 ሚሊዮን ብሎ ማያያዝም ስሕተት ነው፤ የአንድ ነገር ሁለት ወሰኖች አይደሉምና፥ የሁለት ነገሮች ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

የመጻሕፍት ሊቃውንት ለዚህ ዐይነት ነገር እንግዶች አይደሉም። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ባስቈጠረ ጊዜ መጽሐፈ ሳሙኤል ለእስራኤል 800,000 ለይሁዳ 500,000 ሲል፥ ዜና መዋዕል ለእስራኤል 1,100,000 ለይሁዳ 470,000 ይላል፤ በዚያውም ላይ የሌዊና የብንያም ነገድ እንዳልተቈጠሩ ያስታውቃል። መተርጕማን ይህን ባገኙ ጊዜ አንዱን መጽሐፍ አልጣሉም፤ ማን ተቈጠረ፥ ማን ቀረ ብለው መረመሩ። የመንግሥት ሪፖርት አንባቢም ሁለት የማይስማሙ ቁጥሮች ሲገጥሙት መጠየቅ ያለበት ይህንኑ ነው።

የጊዜም ነገር አለ። የቀን አማካይ ፍሰትና ፍሰቱ እጅግ የበዛበት ሰዓት መጠን አንድ አይደሉም፤ የስልክ ማማ በአማካዩ ልክ ቢሠራ ሰው በበዛበት ሰዓት ይጨናነቃል። የባቲ ሰኞ እንደ ባቲ ማክሰኞ አይደለም። አብዛኛው የዞኑ ነዋሪ ሙስሊም ስለ ሆነ በረመዳን ወር የሰው ሌሊትና ቀን ይለወጣል፤ የረመዳንን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋራ አስተያይቶ የቀኑ ፍሰት ወረደ የሚል ታዛቢ ጾሙን ብልሽት አድርጎ ይጽፋል። ደግሞ በራዳሩ ሰሌዳ ላይ የሚወጣው መስመር ብዙውን ጊዜ የፍሰቱን እውነተኛ መጠን ሳይሆን ከራሱ ከፍተኛ ነጥብ ጋራ ያለውን ንጽጽር የሚያሳይ ነው፤ ከላይ ያለው ነጥብ ብዙ ማለት ሳይሆን በዚያ ዘመን ከታየው የበዛ ማለት ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያታልለው የፍጥነት ፈተና ቁጥር ነው። ሰው ስልኩን ከፍቶ የመስመሩን ፍጥነት ሲፈትን ውጤቱ ይመዘገባል፤ የብዙዎች ውጤት ተሰብስቦም የአገሩ መካከለኛ ፍጥነት ይባላል። ነገር ግን መስመር የተቋረጠበት ሰው ሊፈትን አይችልም። የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚቀሩት በመሥሪያ ቤትና በሆቴል በሽቦ መስመር ያሉት ናቸው፤ የእነርሱም መስመር ፈጣን ስለ ሆነ መካከለኛው ፍጥነት ከፍ ሊል ይችላል። አብዛኛው ሕዝብ በጨለማ ሳለ ሪፖርቱ ፍጥነት ተሻሻለ ሊል ነው። ስለዚህ ከፍጥነቱ ቁጥር አጠገብ ሁልጊዜ ስንት ሰው ፈተነ የሚለው ቁጥር መጻፍ አለበት።

ስለ ገንዘብ ኪሳራ የሚነገረው ግምት ደግሞ ከሁሉ የሰፋ ነው። ዴሎይት የተባለው የሒሳብ ድርጅት በፈረንጆች 2016 ባወጣው ስሌት፥ ኢንተርኔት አንድ ቀን ቢዘጋ ለ10 ሚሊዮን ሕዝብ የሚደርሰው ኪሳራ መረቡ በተስፋፋበት አገር 23.6 ሚሊዮን፥ በመካከለኛው 6.6 ሚሊዮን፥ ባልተስፋፋበት 0.6 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ነው ብሏል። ይህ ልክ በ1999ኙ ቈጠራ ቁጥር ለኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ቢሰላ፥ ዞኑ ከመጨረሻው ክፍል ቢመደብ በቀን 27,000 ዶላር ያህል፥ ከመካከለኛው ቢመደብ 302,000 ዶላር ያህል ይሆናል። አሥራ አንድ እጥፍ የሚሆነው ይህ ልዩነት የመጣው በከሚሴ ከሆነ አንዳች ነገር አይደለም፤ በአንድ ጸሓፊ ጠረጴዛ ላይ ከተደረገ ምደባ ነው። ለአገሪቱ በሙሉ የተደረጉት ግምቶችም ይህን ይመስላሉ፤ ብሩኪንግስ የተባለው የጥናት ተቋም እስከ 2016 አጋማሽ ባለው አንድ ዓመት የኢትዮጵያን ኪሳራ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ሲል፥ ቶፕቴንቪፒኤን የተባለው ድርጅት ለ2023 ዓመት 1.59 ቢሊዮን ዶላር ብሏል። የመዘጋቱ ዘመን ርዝመትና የተጠቃሚው ብዛት በሁለቱ ዓመታት መካከል እጅግ ተለውጧል፤ ሆኖም የስሌቱ መንገድም የተለየ ስለ ሆነ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ኪሳራው ይህን ያህል እጥፍ አደገ ማለት አይገባም።

ታዲያ ግምት ሁሉ እንዲህ የሚወላውል ከሆነ ጭራሽ ይጣል የሚል ሰው ቢነሣ መልሱ አይደለም ነው። የጨፋን ሜዳ ምርት ማንም በፍሬ አይቈጥረውም፤ ገበሬው ግን ገምቶ ጎተራውን ያዘጋጃል። የግምት ወሰን የዐላዋቂነት ምልክት አይደለም፤ የሚያውቀው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ የለየ ሰው ሐቀኝነት ምልክት ነው። ወሰን የሌለው የግምት ቁጥር ይልቅ ሊያስፈራ ይገባል። ወንጌላዊው ዮሐንስ ደቀ መዛሙርቱ በታንኳ የቀዘፉትን ርቀት ሲጽፍ 25 ወይም 30 ምዕራፍ ብሎ በወሰን ተወው፤ በመረቡ የተያዘውን ዓሣ ሲጽፍ ግን 153 ብሎ ቈረጠ። ርቀቱ በጨለማና በማዕበል የተገመተ፥ ዓሣው ግን ከባሕር ዳር ወጥቶ የተቈጠረ ነው። ሁለቱን በየመልካቸው መጻፍ የጸሓፊ ቅንነት ነው።

የሹም ቅንነት ደግሞ እንደ ጉዳዩ ዐይነት ትክክለኛውን ወሰን መምረጥ ነው። የሰውን ጕዳት በሚመለከት ጉዳይ ጕዳቱ ከፍ ባለበት ወሰን ተዘጋጅቶ መገኘት ያስፈልጋል፤ ወሰኑ ዜሮን ስለ ነካ ብቻ ችግር የለም ተብሎ አይታለፍም። ስለ ተሠራው ሥራ በሚነገርበት ጊዜ ግን ዝቅተኛውን ወሰን መያዝ ይገባል፤ ይህን ያህል ሕዝብ አገልግሎት አገኘ ተብሎ ሲነገር ከፍተኛውን ወሰን ብቻ መርጦ መጥራት ራስን ማመስገን ነው። የመንግሥት ተቃዋሚም ቢሆን የጕዳትን ከፍተኛ ወሰን እንደ ተቈጠረ እውነት አድርጎ ቢያራግብ ያው በደል ነው። በሁለቱም ወገን የሚጎዳው እውነተኛውን መጠን ሊያስረዳ የማይችለው የከሚሴ ነጋዴና የደዌ ሐረዋ አርብቶ አደር ነው።

ለዚህም መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የውጭ ታዛቢ በግምት የሚፈልገውን የአገር ውስጥ ኩባንያዎች በየማማዎቻቸው ያውቁታል፤ የትኛው ማማ በስንት ሰዓት እንደ ቆመና በስንት ሰዓት እንደ ተመለሰ በመሣሪያቸው ይመዘገባል። በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይህን መዝገብ በዞን ደረጃ ተቀብሎ ከነወሰኑ ቢያስታውቅ፥ የአንድ ዞን ዝምታ በአገር ቁጥር ውስጥ አይሰወርም ነበር። የዞኑ መሥሪያ ቤቶችም መስመር የተቋረጠበትንና የተመለሰበትን ቀንና ሰዓት በተራ መዝገብ ቢጽፉ፥ ከሩቅ በሚመጣው ግምት ላይ ከቅርብ የሚቆም ምስክር ይገኛል። ደብር የልደትንና የዕረፍትን ቀን መዝግቦ ለትውልድ እንደሚያቆይ፥ ይህም ሥራ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፥ ትጋትን ብቻ የሚሻ ነው።

እስከዚያው ድረስ፥ ማናቸውም የመረብ ፍሰት ቁጥር ለፊርማ ሲቀርብ አራት ጥያቄ ሳይጠየቅ ሊፈረምበት አይገባም። ማን ቈጠረው? ምንን ቈጠረ፥ ሰውን ወይስ ሲም ካርድን፥ ጥቅልን ወይስ አድራሻን? በየትኛው ጊዜ፥ በገበያ ቀን ወይስ በጾም፥ በአማካይ ወይስ በከፍተኛው ሰዓት? ማንስ ሳይቈጠር ቀረ? ሦስቱን ጥያቄዎች ባለሙያው ሊመልሳቸው ይችላል። አራተኛው ግን የአስተዳዳሪው ነው፤ ሳይቈጠር የቀረውን ሰው የሚያውቀው መሣሪያው ሳይሆን ከሕዝቡ ጋራ የሚኖረው ሹም ነውና። በአገር ሰሌዳ ላይ ከሺህ ስድስት የማትሞላው የመስመር ጉድለት በከሚሴ ሲያዩዋት የተዘጋ ሱቅ፥ ያልደረሰ ገንዘብ፥ ድምፅዋ ያልተሰማ ልጅ ናት። ቁጥሩን በወሰኑ የሚያነብ ሹም ይህችን ጉድለት በሰሌዳው ላይ ባያያት እንኳ አለች ብሎ ይፈልጋታል።